የጸጋ ስጦታ ኮርስ በአዳማ፦ ፎርሙ ቀርቶብኝ አራተኛው ቅዳሜ በተደገመ

እኛ ሰፈር ያለችው አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የጸጋ ስጦታ ኮርስ ትሰጣለች፤ መንፈስ ቅዱስ ለእያንዳንዱ አማኝ ለአገልግሎት ስለሚሰጠው ችሎታ ማለት ነው። ስሟን አልጠራም። የምወቅሳት ነገር አለኝ፣ ደግሞም የራሴው አጥቢያ ናት፤ እሁድ እሁድ ፊት ለፊት እንተያያለን።

ኮርሱ አራት ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት ከስምንት እስከ አሥራ አንድ። ክፍያው 200 ብር፣ ለጽሑፍ ማባዣና ለሻይ። በዋጋው ቅር አላለኝም። ሙቀቱ ግን አይነሳ! የአዳማ ሚያዝያ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ ወደ አርባ ሰው፣ አንድ ቬንትሌተር፣ እሱም ወደ መድረኩ ዞሯል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅዳሜዎች ትምህርት ናቸው፤ አስተማሪው ደግሞ ጎበዝ ነው። ሮሜ 12ን፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 12ን፣ ኤፌሶን 4ንና 1ኛ ጴጥሮስ 4ን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጻፈና ዝርዝሮቹ እንደማይገጥሙ አሳየን። ሮሜ ላይ መስጠትና ምሕረት ማድረግ አሉ፣ ቆሮንቶስ ላይ ፈውስና ልሳን፣ ኤፌሶን ደግሞ የሚዘረዝረው ሰዎቹን ነው፦ ሐዋርያት፣ ነቢያት፣ ወንጌላውያን፣ እረኞችና አስተማሪዎች። እነሱም የተሰጡት ምእመኑን ለአገልግሎት እንዲያዘጋጁ ነው። ፓስተሩ ሁሉንም ብቻውን ይሥራው፣ እኛ አሥራታችንን ከፍለን እንቀመጥ የሚል ቦታ የለም። ይህን ሲናገር አዳራሹ ጸጥ አለ። ብዙዎቻችንን ነክቶናል መሰለኝ።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ፎርም ታደለን። ከዜሮ እስከ አምስት ነጥብ እየሰጠህ ትሞላለህ፣ ትደምራለህ፣ ስጦታህ ይኸው ትባላለህ። ከሌላ ቋንቋ የተተረጎመ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ አንዳንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አንብቤም አልገባኝም። የእኔ ውጤት ትንቢት ሆነ። ባለቤቴ ሰምታ በሳቅ ልትሞት ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ቁልፌን የት እንዳስቀመጥኩ አላወቅኩም። አጠገቤ ለነበረው ባለ ባጃጅ ማስተዳደር ወጣለት፣ «አንዷን ባጃጅ ማስተዳደር አቅቶኝ!» አለ። ፎርሙ የሚለካው ሰው ምን መሆን እንደሚመኝ ይመስለኛል።

እዚህ ላይ ነው የምናደደው። ስለ ስጦታ ለመማር ከሩቅ የመጣ መጠይቅ ምን ያስፈልገናል? ታሪኩ እዚሁ ደጃችን አለ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ የምንለው በናዝሬት ዘመን ኃይለ ማርያም ማሞ ሆስፒታል ነበር፣ ሜኖናይት የሚባለው የፕሮቴስታንት ወገን ሚስዮናውያን የሠሩበት። እዚያ የሠለጠኑት ድሬሰሮች፣ የሕክምና ረዳቶቹ፣ ቁስል እያጠቡ ወንጌልም ይናገሩ ነበር። ከዚያ ሥራ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ወጣች። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ዘጋት፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿን አሰረ። ያኔ አባላቷ ወደ 5,000 ነበሩ። አዳራሽ የለ፣ ማይክ የለ፣ የመዘምራን ጋውን የለ። ምእመኑ ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየቤቱ ተሰበሰበ፣ ማስተማሩም መጽናናቱም ተራው ሰው እጅ ላይ ወደቀ፣ ሴቶችም ሳይቀሩ ይመሩ ነበር። ደርግ ሲወድቅ ወደ 34,000 ሆነው ወጡ። በኮርሱ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል አልተነገረም። አንድ ቃል!

አራተኛው ቅዳሜ ግን ሁሉንም ካሰ። በቡድን ተከፋፍለን ከቤት መውጣት ያቃታቸውን አረጋውያን ልንጠይቅ ሄድን። የእኛ ቡድን የደረሳቸው እማማ ለብቻቸው የሚኖሩ ናቸው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ትንፍሽ ያላለች፣ በፎርሙም ይህ ነው የሚባል ነጥብ ያላገኘች አንዲት እህት ነበረች። ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ሳትጠይቅ ውሃ አሞቀች፣ የእማማን ፀጉር አጠበችና ጥፍራቸውን ቆረጠችላቸው። እኛ ጥቅስ ስንመርጥ እሷ ጨርሳለች። ስንወጣ እማማ የሁላችንንም ጸሎት ትተው እሷን ብቻ «ልጄ፣ መቼ ትመጫለሽ?» አሏት። ነቢዩ እኔ ጀሪካን ተሸክሜ፣ አንድ የላላ ሶኬት አጥብቄ ተመለስኩ። ደስ ብሎኛል እንዴ? በጣም።

ከዚያ ምደባ መጣና ነገሩን አበላሸው። ወንዶቹ ወደ ስብከትና አስተናጋጅነት፣ ሴቶቹ ባብዛኛው ወደ ሻይና ጽዳት። ባንክ ውስጥ ሒሳብ የምትሠራ ልጅ፣ ፎርሙ ራሱ ማስተዳደር ያወጣላት፣ ሻይ ላይ ተመደበች፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሒሳብ ክፍል ደግሞ ሰው አጣሁ እያለ በየእሁዱ ያስነግራል። ስጠይቅ «እንግዳ መቀበልም እኮ ስጦታ ነው» አሉኝ። ነው፣ ጴጥሮስም ጽፎታል። ታዲያ ለምንድነው ቀሚስ የለበሰ ብቻ የሚሰጠው?

ነጥቤ ከአምስት ሦስት ተኩል ነው። ግማሿን የቀነስኩት ለቬንትሌተሩ፣ አንዱን ለምደባው። ቀጣዩ ዙር ከመስቀል በኋላ ይጀመራል፤ ከሄዳችሁ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ ውሃ ያዙ። ሦስተኛውን ቅዳሜ ሥራ ካላችሁ ቅሩ፣ ምንም አይቀርባችሁም።