የቅጠል ቀዳዳን በኮምፒውተር ማጥናት፦ ቀመር ወይስ የህዋስ ሞዴል?

አራት ኪሎ ላይ የቅጠል ቀዳዳዎችን ማለትም ስቶማታን በኮምፒውተር ለማጥናት የሚነሳ ተማሪ ከሁለት መንገዶች አንዱን ይመርጣል። ቦል፣ ዉድሮውና ቤሪ በ1987 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቀመር የቀዳዳውን መከፈት ከፎቶሲንተሲስ፣ ከአየር እርጥበትና በቅጠሉ ገጽ ካለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ያያይዛል፤ ጥቂት ልኬቶች ስለሚበቁት ለሰፊ ማሳ ይመቻል፣ ምክንያቱን ግን አይነግረንም።

በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣው ኦንጋርድ የተባለው የኮምፒውተር የህዋስ ሞዴል ቀዳዳውን ወደከበቡት ጠባቂ ህዋሳት ውስጥ ይገባል፦ ፖታሲየም፣ ክሎራይድና ማሌት ሲከማቹ ውሃ ተከትሏቸው እንደሚገባ፣ ህዋሳቱም በግፊቱ ተወጥረው ቀዳዳውን እንደሚከፍቱት፣ በሽፋናቸው ላይ ያሉትን የአዮን፣ ማለትም የእነዚህ ሙላት ያላቸው ቅንጣቶች፣ መተላለፊያዎች እያሰላ ያሳያል። ብዙ መለኪያዎችን መጠየቁ በእርግጥ ከባድ ነው፤ ሆኖም አንድ መተላለፊያ ቢጎድል ምን እንደሚከተል አስቀድሞ ለመገመት ስለሚያስችል፣ የቀዳዳውን አሠራር ለመረዳት ለሚሻ እኔ ይህንኑ እመርጣለሁ።