የሕንፃ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር፦ በኤክሴል ወይስ በዲዛይን ሶፍትዌር?

የዋናውን ገመድና ብሬከር መጠን ለማስላት፣ ለትንሽ ሕንፃ ኤክሴል ይበቃል። ጭነቱን ትደምራለህ፣ ሁሉም ዕቃ በአንዴ ስለማይሠራ በዲማንድ ፋክተር (ከጠቅላላው ጭነት በአንዴ የሚሠራው ድርሻ) ታባዛለህ፣ ከዚያ ወደ አምፔር ትቀይራለህ። ለምሳሌ የመጨረሻው ጭነት 100 ኪሎዋት ከሆነ፣ በ400 ቮልት ሦስት ፌዝና በ0.9 ፓወር ፋክተር (ከሚሳበው ኃይል በትክክል ሥራ ላይ የሚውለው ድርሻ) ወደ 160 አምፔር ይመጣል። ባለ 160 ብሬከር ምንም ትርፍ ስለማይተው እኔ ባለ 200ውን ነው የምመርጠው። ሂሳቡ ሁሉ ዓይንህ ፊት ነው፤ ይሄን በጣም እወድለታለሁ።

ሕንፃው ሲተልቅ ግን ሶፍትዌሩ ይበልጣል። አንድ ሞተር ስትጨምር ከንዑስ ቦርድ እስከ ዋናው ገመድ ያለውን ሁሉ እንደገና ያሰላልሃል፤ የቮልቴጅ መውደቅን፣ የሾርት ሰርኪውት ከረንትንም (ገመዶች ሲነካኩ በድንገት የሚፈሰውን ከፍተኛ ከረንት) ጭምር፣ ይሄኛው ደግሞ ብሬከሩ አደጋ ሲመጣ መቁረጥ መቻሉን ለማወቅ የግድ ነው። ብቻ ዲማንድ ፋክተሩን ራስህ አስተካክል፤ 1 ሆኖ ከቀረ ገመዱ ያለ አግባብ ይወፍራል።