ሁለት ባትሪ ላለው ጀልባ የትኛው ማብሪያ ይሻላል? በእጅ የሚዞረው ወይስ ራሱ የሚሠራው?

ጣና ጠዋት ላይ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ግን ነፋሱ ይነሳና ማዕበሉ ይመጣል። ከጎንደር በአዘዞና በቆላ ድባ ወርዶ ከጎርጎራ በትንሽ ጀልባ የሚወጣ ሰው፣ ሞተሩ ቶሎ እንዲነሳለት የሚፈልገው ያኔ ነው። ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲሞላ፣ ቴፕ ሲያጫውትና የውሃ ፓምፕ ሲያሠራ የዋለ ባትሪ ደግሞ ሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ማዞር ሊያቅተው ይችላል። ሁለተኛ ባትሪ የሚገባው ለዚህ ነው። አንዱ ሞተር ለማስነሳት ብቻ ይቀመጣል፤ ሌላው ለመብራትና ለኤሌክትሪክ ዕቃ ይሠራል። ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የሚታሰብበት ሁለቱን የሚያገናኘው ነገር ነው።

በእጅ የሚዞረው ማብሪያ ክብ ነው፤ አራት ቦታ አለው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሁለቱም፣ ጠፍቷል። ዋጋው ከሌሎቹ ይቀላል። ውስጡ የሚቃጠል ኤሌክትሮኒክስ የለም። ማንኛውም የመኪና ኤሌክትሪሻን አይቶ ይረዳዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ እኔም አልንቀውም።

ችግሩ ሰው መርሳቱ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማዞሪያው «ሁለቱም» ላይ ከቀረ፣ ሁለቱ ባትሪዎች አብረው ይወርዳሉ። ሁለት ባትሪ ገዝታችሁ አንድ ብቻ እንዳላችሁ ሆነ ማለት ነው። የባሰው ግን ሞተሩ እየሠራ ማዞሪያውን በ«ጠፍቷል» በኩል ማሳለፍ ነው። ሞተሩ የሚያመነጨው ኃይል መግቢያ ያጣል፣ ቮልቴጁ በቅጽበት ይዘላል፣ የሞተሩ ሬክቲፋየር (የሚያመነጨውን ኃይል ባትሪ ወደሚሞላ የሚቀይረው) ሊቃጠል ይችላል። ጥሩ የሚባሉት ማብሪያዎች አዲሱን ባትሪ ሳይዙ የቀድሞውን አይለቁም። ስለዚህ ከአንድ ወደ ሁለት በ«ሁለቱም» በኩል ማዞር አያሰጋም። «ጠፍቷል» ግን ሞተሩ እስኪቆም አይነካም።

ራሱ የሚሠራው ቮልቴጅ የሚለካ ሪሌ ነው፤ ማለትም በኤሌክትሪክ ራሱ የሚያገናኝና የሚለይ ማብሪያ። ሞተሩ ተነስቶ ባትሪው መሙላት ሲጀምር ቮልቴጁ ከፍ ይላል። እንደየሥሪቱ ከ13.3 እስከ 13.7 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ሪሌው ሁለቱን ያገናኝና አብረው ይሞላሉ። ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቴጁ ወደ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይለያቸዋል። ከዚያ በኋላ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራ እንኳ የማስነሻው ባትሪ አይነካም። የሚያስታውስ ሰው አያስፈልገውም፤ የምወድለትም ይህንን ነው።

ግን ለሁሉም ጀልባ አይሆንም። የአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች የመሙላት አቅም ደካማ ነው። ሪሌው ሲያገናኝ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ መልሶ ይለያል፣ እንደገና ያገናኛል፤ እንዲህ እያለ ይውላል። ሞተራችሁ በገመድ ተስቦ የሚነሳና ባትሪ የማይሞላ ከሆነ ደግሞ ሪሌ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ባትሪዎቹን ቤት ወስዳችሁ የምትሞሉ ከሆነ የእጁ ማብሪያ ይበቃችኋል።

ሦስተኛው በዳዮድ፣ ማለትም ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዕቃ፣ የሚለየው ነው። አልመክረውም። በመንገዱ ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ቮልት ይበላል። 14.4 የወጣው ባትሪው ጋ 13.7 ሆኖ ይደርሳል። እንዲህ ሁልጊዜ ሳይሞላ የሚቀር የአሲድ ባትሪ ዕድሜው ያጥራል።

ሞተራችሁ በሞተሪኖ የሚነሳና በደንብ የሚሞላ ከሆነ ሪሌውን ግዙ፤ ነገር ግን ሲጨንቅ ሁለቱን በእጅ የሚያገናኝ ማብሪያ ይኑረው። የማስነሻው ባትሪ ራሱ ቢሞት ሪሌው አያድናችሁም፤ ያ ማብሪያ ያድናችኋል። ብሉ ሲ ሲስተምስ የሚባለው የጀልባ ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች «አድ ኤ ባተሪ» ብሎ የሚሸጠው ሪሌውንና ማብሪያውን አንድ ላይ ይዟል፤ ሪሌው 120 አምፔር ነው። ከሁለቱም ባትሪ በኩል ቮልቴጅ ስለሚለካ፣ በዕቃው ባትሪ ላይ ሶላር ብታስገቡ ለማስነሻውም ይተርፋል። እንደኛ ፀሐይ ባለበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የትኛውንም ስትገዙ ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። ሁለት አምፔር ይጻፋል፦ ያለማቋረጥ የሚችለውና ሞተር ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ የሚችለው። ሻጩ ትልቁን ብቻ ቢነግራችሁ ትንሹንም ጠይቁ። የቤንዚን ታንኩ ጀልባው ውስጥ ከሆነ ብልጭታ የማያወጣ፣ ቤንዚን ባለበት ቦታ እንዲሠራ የተፈቀደ ማብሪያ ግድ ነው። የቤት ማብሪያ እዚያ አይገባም።

ገመዱ ላይ አትሰስቱ። ለትንሽ ሞተር ወፍራሙን፣ ባለ 25 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ያዙ፤ ባትሪው ከሞተሩ ራቅ ካለ 35 ይሁን። የሁለቱ ባትሪዎች ኔጌቲቭ እርስ በርስ ይገናኛል፤ በማብሪያው የሚያልፈው ፖዘቲቩ ብቻ ነው። ወደ ዕቃ በሚሄደው ፖዘቲቭ ላይ ፊውዝ ይግባ፣ ከባትሪውም ከ18 ሴንቲ ሜትር አይራቅ።

ራሱ የሚነሳው የውሃ ፓምፕ ግን ከማብሪያው በፊት፣ በራሱ ፊውዝ፣ በቀጥታ ከዕቃው ባትሪ ይገናኝ። ጀልባውን አስራችሁ ሁሉን አጥፍታችሁ ጎንደር ስትገቡም ዝናብ ሊዘንብ ይችላል።