ለምግብ ፎቶ የገዛሁት ሪፍሌክተር፣ ከስድስት ወር በኋላ

ይህን ዕቃ ያስገዛኝ ሾርባ ነው። ሁልጊዜ ማታ፣ ከኩሽናው አምፖል ስር ነበር የማነሳው። ሾርባው ቢጫ፣ ሳህኑ ቢጫ፣ መሃሉ ላይ ደግሞ የእጄ ጥላ። ስልክ ልቀይር ስል አንዲት ፎቶ አንሺ ጓደኛዬ ምስሎቹን አየቻቸውና "ስልክሽ ምንም አልሆነም፣ ችግሩ ብርሃኑ ነው" አለችኝ። በማግስቱ ዳር እስከ ዳር 110 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ የሚታጠፍ ክብ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃን የሚመልስና የሚያለዝብ ጨርቅ፣ አዘዝኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። በብረት ቀለበት ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነጭ ጨርቅ ተወጥሯል። በላዩ ዚፕ ያለው ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑን እየገለበጡ ነጭ፣ ጥቁር፣ ብርማ ወይም ወርቃማ ያደርጉታል።

ከሁሉም የወደድኩት ስሱን ጨርቅ ነው። ፀሐይ በመስኮት በቀጥታ ስትገባ ቲማቲም ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ ነጥብ ትጥላለች፤ ጥላውም ድርቅ ያለ ጥቁር ይሆናል። ጨርቁን በመስኮቱና በሳህኑ መሃል ሳቆመው ግን ብርሃኑ ከመላው ጨርቅ ስለሚመጣ የጥላው ጠርዝ ይለሰልሳል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቄ ነበር የማቆመው። ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ፎቶው ውስጥ ሊገባ ጥቂት እስኪቀረው ሳስጠጋው ነው ነገሩ የገባኝ። ጨርቁ የቱንም ያህል ቢሰፋ፣ ከራቀ ለሳህኑ ትንሽ ነው።

ነጩን ገጽ ከመስኮቱ ትይዩ አቆመዋለሁ፤ በጥላ የተዋጠውን የሳህኑን ጎን ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። ብርማው ለምግብ ይበዛል። ስጎ ወይም ዘይት ያለበት ነገር ላይ ነጸብራቁ ያስቸግራል። ወርቃማውን ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። የሰላጣው አንዱ ጎን ቢጫ፣ ሌላው ጎን የመስኮት ብርሃን ቀለም ይሆናል። ሁለቱን በአንድ ዋይት ባላንስ (ነጩ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ ካሜራው ላይ የሚደረግ የቀለም ማስተካከያ) ማስታረቅ አይቻልም። ቀን ስናነሳ የኩሽናውን አምፖል ማጥፋት ያለብንም ለዚሁ ነው፤ በብርሃን ቀለም መለኪያው በኬልቪን ቢጫው አምፖል ወደ 2700፣ የቀትር ፀሐይ ደግሞ ወደ 5500 ነው።

ጥቁሩ ገጽ ያልጠበቅኩት ስጦታ ሆነልኝ። የሾርባ እንፋሎት ፎቶ ላይ አልታይ እያለኝ ስንት ጊዜ አሙቄያለሁ! ለካ ከኋላው ያለው ነጭ ግድግዳ ነበር የሚውጠው። አሁን መስኮቱን ከሳህኑ ኋላ በጎን አደርግና ጥቁሩን ከጀርባ አቆማለሁ። እንፋሎቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ዳቦ ሳነሳ ደግሞ ነጩ በሚቆምበት ቦታ ጥቁሩን አደርጋለሁ፤ ጥላው ጠለቅ ሲል የቅርፊቱ ስንጥቅ ሁሉ ይወጣል። በእጅ የሚነካ ይመስላል።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ዚፑ በሁለተኛው ወር ተተረተረ። ጥቁሩ ጨርቅ ዱቄትና ብናኝ ይሰበስባል፣ ከዳቦ ጋር አብሮ መዋል ከባድ ነው። የማጠፊያ መመሪያ አብሮት አልመጣም፤ ሳምንት ሙሉ ታገልኩት። ግራና ቀኝ ጠርዙን ይዞ፣ አንዱን እጅ ወደ ፊት ሌላውን ወደ ኋላ እየጠመዘዙ ማቀራረብ ነው፤ ራሱ ሦስት ክብ ሆኖ ይደራረባል። ብቻውንም አይቆምም። እኔ ከወንበር መደገፊያ ጋር በልብስ መቆንጠጫ አስረዋለሁ። መስኮቱ ክፍት ከሆነ ንፋስ ይጥለዋል። አንድ ቀን ሰላጣ ላይ ወድቆብኝ እንደገና መክተፍ ነበረብኝ።

መጠኑም ለአንድ ሳህን በዝቷል። ጠባብ ኩሽና ያላችሁ 80 ሴንቲ ሜትሩን ውሰዱ። እኔም እንደገና ብገዛ እሱን ነው። ጠረጴዛ ሙሉ ምግብ ከላይ ለምታነሱ ግን 110ሩ ይሻላል።

ማታ ብቻ ለምታነሱ አልመክርም። ሪፍሌክተር ያለውን ብርሃን ያለዝባል፣ ይመልሳል እንጂ ከራሱ አያመነጭም፤ መጀመሪያ መብራት ግዙ። ቀን የማንሳት ዕድል ካላችሁ ደግሞ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነጭ ካርቶን ከመስኮቱ ትይዩ አቁማችሁ ሞክሩ። የነጩን ገጽ ሥራ ካርቶኑ ይሠራላችኋል። ስሱን ጨርቅና ጥቁሩን ስለምፈልጋቸው እኔ ዚፑን በመርፌ ሰፍቼ አሁንም እየተጠቀምኩበት ነው።