የኮሚኒቲ ኮሌጅ ስፒች ክላስ ሪቪው፦ ማስተማሩ አሪፍ ነው፣ አስተራረሙ ላይ ግን እናውራ

ሰላም ጓዶች፣ ሜሪላንድ አካባቢ ያላችሁ በተለይ ናርሲንግና ቢዝነስ ልትገቡ ያሰባችሁ ልጆች ስለ ስፒች ክላስ፣ ሰው ፊት ቆሞ መናገር ሚያስተምረው ኮርስ ማለቴ ነው፣ በውስጥ መስመር ስትጠይቁኝ ስለከረማችሁ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። የሁላችሁም ጥያቄ "ይከብዳል ወይ?" ነው። አይከብድም። መጠየቅ ያለባችሁ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እዛ ክላስ ውስጥ ንግግራችሁን ማን ነው ሚያርመው፣ በምን መስፈርት፣ ከዛስ ያረመውን ምን ያደርግበታል? ግሬዳችሁም ትምህርታችሁም ያለው እዛ ላይ ነው። የኮሌጁን ስም አልጠራም፣ ግማሹ ምስጋና ቢሆንም ግማሹ ወቀሳ ነው፣ ፕሮፌሰሯም ገና እዛው ነው ምታስተምረው።

እኔ አገር ቤት እያለሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍሬሽማኖችን ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ አስተምር ስለነበር ተማሪ ሆኜ ብቀመጥም አይኔ ከማረሚያው ወረቀት አልነቀል ብሎኝ ነው የከረምኩት። እኔ ባስተማርኩበት ጊቢ ስፒኪንግ ሚባል ነገር ሞጁሉ ላይ አለ፣ ፈተና ሲመጣ ግን ወረቀት ላይ ዲያሎግ ተሰጥቶ "ባዶ ቦታውን ሙሉ" ነው። አስተማሪው ሰንፎ እንዳይመስላችሁ፣ ሂሳቡ እምቢ ብሎት ነው። 60 ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ብቻ ቢናገር 300 ደቂቃ ነው፣ አምስት ሰአት ሙሉ ማለት ነው፣ ያውም አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ያለውን ሳንቆጥር፣ አስተያየት ሳይሰጥ፣ እና አስተማሪው አራት ሴክሽን ከያዘ በቃ አለቀለት። እዚህ የገባሁበት ክላስ ጣሪያው 24 ሰው ነው፣ ለእያንዳንዱ ንግግርና ጥያቄ አንድ ላይ 8 ደቂቃ ብትሰጡት 192 ደቂቃ፣ በሶስት ክፍለ ጊዜ ያልቃል። ለኔ የክላሱ ትልቁ ጥሩ ነገር ይሄ ነው፣ የምትከፍሉት ገንዘብ ሚገዛላችሁ ተናግራችሁ ሰው ቁጭ ብሎ ሚሰማችሁንና ሚያርማችሁን ጊዜ ነው፣ ቲዎሪውንማ ዩቲዩብ ላይ በነጻ ታገኙታላችሁ።

ውጤቱ እንዲህ ነው የተከፋፈለው፦ ንግግሮቹ 60 ከመቶ፣ አውትላይን ሚሉት የንግግሩ ንድፍ 15፣ ራስን መገምገምና የክላስ ልጆችን መገምገም 10፣ ኩዊዝና ፋይናል 15። ንግግሮቹ ሶስት ናቸው፣ ራስን ማስተዋወቂያ፣ ኢንፎርማቲቭ ሚሉት መረጃና ዕውቀት ምትሰጡበት፣ የመጨረሻው ደሞ ፐርሱኤሲቭ፣ ሰው ማሳመኛ። ከተሰጣችሁ ደቂቃ ካለፋችሁ ወይ ሳትሞሉት ከጨረሳችሁ ነጥብ ይቀነሳል፣ ምንጫችሁን ደሞ ወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን እየተናገራችሁ አፍ አውጥታችሁ መጥራት አለባችሁ፣ ይቺኛዋ ብዙ ሰው ታስጥላለች ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ሩብሪኩ። ሩብሪክ ሚሉት የማረሚያ ሰንጠረዥ ነው፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እጃችን ላይ ነበር፣ ይሄ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም በምን እንደምትመዘኑ ሳታውቁ ቆማችሁ መናገር ጨለማ ውስጥ እንደመደነስ ነው። መሰረቱ ናሽናል ኮሚዩኒኬሽን አሶሲዬሽን ሚባለው የአሜሪካ መምህራንና ተመራማሪዎች ማህበር ያወጣው ኮምፒተንት ስፒከር ሚባል ፎርም ነው። ማህበሩ በፈረንጆቹ 1914 ከእንግሊዝኛ አስተማሪዎች ማህበር ተነጥለው በወጡ 17 አስተማሪዎች የተመሰረተ ነው፣ ንግግር ራሱን የቻለ ትምህርት ነው፣ የድርሰት ጭራ አይደለም ብለው። ፎርሙ በ1993 ነው የወጣው፣ ያኔ ማህበሩ ስፒች ኮሚዩኒኬሽን አሶሲዬሽን ነበር ሚባለው፣ ከዛ በ2007 ታደሰ። ስምንት ነገር ነው ሚያየው። አራቱ ምን እንደተናገራችሁ ናቸው፣ ርዕስ መምረጥና ማጥበብ፣ ዋና ሃሳቡን ግልጽ ማድረግ፣ ማስረጃ፣ አደረጃጀት። አራቱ ደሞ እንዴት እንደተናገራችሁት፣ የቋንቋ አጠቃቀም፣ ድምፅን ከፍ ዝቅ ፈጠን ዘግየት ማድረግ፣ የቃላት አጠራርና ሰዋስው፣ የሰውነት እንቅስቃሴ። እያንዳንዱ ላይ አጥጋቢ ያልሆነ፣ አጥጋቢ፣ እጅግ ጥሩ ተብሎ ሶስት ደረጃ አለው። እና ኦሪጅናሉ ላይ በጣም የወደድኩት ነገር ሁሉም መስፈርት ላይ ለማለት ይቻላል "ለአድማጩና ለአጋጣሚው ሚመጥን" ሚል መኖሩ ነው፣ ማለትም አንድ ብቸኛ ትክክለኛ አነጋገር አለ አይልም፣ ለዚህ ሰው ለዚህ ቦታ ይሆናል ወይ ነው ሚለው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ኮሌጁ ይሄን ፎርም ወስዶ ሲያሳጥረው ያቺን "ሚመጥን" ምትለዋን ቆርጦ አውጥቷታል። በምትኩ "ከንግግሩ 80 ከመቶ በላይ አይን ለአይን ማየት" ሚል ቁጥር ገባ። 80 ከመቶውን ማን ነው ሚለካው? ስቶፕዋች ይዞ አይን ሚቆጥር ሰው አላየሁም። ክላሱ ውስጥ አንዷ የኛ ልጅ ነበረች፣ ስለ እቁብ ነበር የተናገረችው፣ እውነቴን ነው ምላችሁ ከሰማሁት ሁሉ ምርጡ ርዕስ ነበር፣ ፈረንጆቹ ያለ ባንክ ያለ ወለድ ሰው ተማምኖ ገንዘብ ሲቀባበል አፋቸውን ከፍተው ነው የሰሙት፣ ከሷ በኋላ ጥያቄው አላቆም ብሎ ፕሮፌሰሯ ናት ያስቆመችው። ግን ልጅቷ ታላቅ ፊት አይን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናት፣ ፕሮፌሰሯን ባየች ቁጥር አይኗ ወደ መሬት ይሄዳል፣ እና ሰውነት ሚለው ላይ ዝቅተኛውን ሰጠቻት። እዚህ አገር ስራ ኢንተርቪው ላይ አይን ማየት እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፣ ልምምዱን አልቃወምም፣ ግን ያ ሁሉ ሰው ጥያቄ ሲጠይቃት እየታየ ከአድማጯ ጋር አልተገናኘችም ብሎ ማረም ሩብሪኩን ማምለክ ነው።

ሌላው ደሞ የተቀነሰባት ዋና ሃሳቧን ዘግይታ በመናገሯ ነው። እዚህ ላይ ከፕሮፌሰሯ ጋር ነኝ። እኛ ከሩቅ ነው ምንነሳው፣ እናቴ ጎረቤቶቿን ሰብስባ እንዲህ ስትል ምናምን ብለን ሶስት ደቂቃ ዞረን ነው ቁምነገሩ ጋ ምንደርሰው፣ ሰርግና ሽምግልና ላይ ያምራል፣ ግን ሲላበሱ፣ የኮርሱ እቅድ ወረቀት ማለት ነው፣ መግቢያው ላይ ሃሳብህን ተናገር ብሎ በግልጽ ጽፏል፣ ለሁሉም እኩል ተነግሯል፣ ምሳሌም ታይቷል። የተማርነውን መፈተን ማለት ይሄ ነው። አይን ላይ ግን አንድ ቀን እንኳ ክላስ ውስጥ አልተለማመድንም፣ ያላስተማሩትን ማረም ነው የሆነው።

አክሰንት ምትፈሩ ልጆች ተረጋጉ፣ ፕሮፌሰሯ በአክሰንት አልቀነሰችም። የቃላት አጠራር ሚለው ላይ ምታየው ቃሉ ተሰማ አልተሰማ ነው። ጓደኛዬ ሌላ ሴክሽን ገብቶ ያጋጠመው አስተማሪ ግን "አክሰንትህን ቀንስ" ብሎ ጽፎለታል፣ አንድ አይነት ኮርስ፣ አንድ አይነት ሩብሪክ፣ ሁለት ሌላ አራሚ። እና ይሄ ነው የኮርሱ ትልቁ ቀዳዳ። ንግግር ስታርሙ የመጀመሪያው ደቂቃ ካማራችሁ ቀሪውንም ታሞግሱታላችሁ፣ ሃሎ ኢፌክት ነው ሚሉት፣ ማንም ሰው አለበት እኔም ሳስተምር ነበረብኝ። ለዚህ መድሃኒቱ ይታወቃል፣ አስተማሪዎቹ ሴሚስተር ከመጀመሩ በፊት ጥቂት የተቀዱ ንግግሮች አንድ ላይ አይተው ለየብቻ አርመው ልዩነታቸው ላይ ተከራክረው መስማማት ነው። ግማሽ ቀን ነው ሚፈጀው። ኮሌጁ ያደርጋል ወይ ብዬ ዲፓርትመንቱን ስጠይቅ ያገኘሁት መልስ "ሁሉም ፕሮፌሰር ሩብሪኩ አለው" ሚል ነው። እሺ፣ አለው፣ ከዛስ?

ቪዲዮው ግን የግድ ይመስገን። እያንዳንዱ ንግግር ይቀረጻል፣ ከዛ ራሳችሁን አይታችሁ በዛው ሩብሪክ ራሳችሁን አርማችሁ አንድ ገጽ ትጽፋላችሁ። መጀመሪያ ላይ ራስን ማየት ያማል፣ እኔ "እእእ" እና "ዩ ኖው" ስል ውዬ ነው የተገኘሁት፣ በአማርኛ ቢሆን "ማለት ነው" እያልኩ ነበር ምጨርሰው። ግን ሁለተኛውን ንግግር ያሻሻለልኝ የፕሮፌሰሯ ነጥብ ሳይሆን ይሄ ነው። ባልና ሚስት ሁለታችሁም ምትማሩ ከሆነ ቪዲዮውን አብራችሁ እንዳታዩ ብቻ።

የክላስ ልጆች እርስ በርስ ሚሰጡት ፊድባክ በተቃራኒው ጊዜ ማባከን ነው። ሁሉም "ግሩም ነበር፣ በራስ መተማመንህ ደስ ይላል" ብሎ ይጽፋል፣ ነገ እሱም እንዲጻፍለት ማለት ነው፣ ይሉኝታ ሚባለው ነገር የኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቢያንስ አንዱን ጥያቄ "ንግግሩ አሳመነህ ወይ" ወደሚል ቢቀይሩት ይጠቅም ነበር። እኔ ማሳመኛዬን ደም መለገስ ላይ ነበር የሰራሁት፣ ሞንሮ ሚባለው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር በ1930ዎቹ ባወጣው አካሄድ፣ መጀመሪያ ቀልብ መሳብ፣ ከዛ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሄ ማቅረብ፣ ቢደረግና ባይደረግ ሚሆነውን በምናብ ማሳየት፣ በመጨረሻ ይሄን አድርጉ ማለት። አምስቱንም ስላደረኩ ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ግን ከክላሱ አንድ ሰው እንኳ አሳምኛለሁ ወይ? አይታወቅም፣ ማንም አልጠየቀም። ከንግግሩ በፊትና በኋላ "ደም ትለግሳለህ ወይ" ብሎ ከአንድ እስከ አስር ማስሞላት ሁለት ደቂቃ ነው።

ፍርሃታችሁንም ይለካሉ። ፕሮፌሰር ማክሮስኪ ያዘጋጀው ፒ አር ሲ ኤ 24 ሚባል መጠይቅ ነው፣ 24 ጥያቄ፣ ውጤቱ ከ24 እስከ 120፣ ከ80 በላይ ከሆነ ፍርሃታችሁ ከፍተኛ ነው፣ ከ51 በታች ዝቅተኛ። መጀመሪያ ላይ 88 ነበርኩ፣ መጨረሻ ላይ 71። ደስ ይላል፣ ግን ፍርሃት ቀነሰ ማለት ችሎታ ጨመረ ማለት አይደለም፣ ሳይፈራ ሰው ሚያሰለች ስንት አለ። የመጀመሪያ ንግግራችንን ከመጨረሻው ጋር አስቀምጦ ምን ያህል ተሻሻለ ብሎ ያየ ሰው ግን የለም፣ ቪዲዮዎቹ ሰርቨር ላይ ቁጭ ብለው እያለ። ተናጋሪ ሆኖ የመጣው ልጅ ኤውን ይዞ ሄደ፣ ከዜሮ የተነሳው ልጅ ቢ ሚነስ።

ፋይናሉን አልደብቃችሁም፣ መልስ መርጦ ማክበብ ነው። የኮሚዩኒኬሽን ሞዴል፣ ላኪ ተቀባይ ኖይዝ (መልእክቱን ሚረብሽ ነገር)፣ የአርስቶትል ሶስት ማሳመኛዎች፣ ኢቶስ (ተአማኒነት) ፓቶስ (ስሜት) ሎጎስ (ምክንያት)። አንድ ሌሊት ሸምድዳችሁ ትሰሩታላችሁ፣ ስለ መናገር ችሎታችሁ ሚናገረው ነገር የለም፣ አገር ቤት ባዶ ቦታ ሙላ ስል የነበርኩትን አስታውሶኝ ሳቄ ነው የመጣው።

ኦንላይን ሴክሽኑን ምታስቡ፣ ቤታችሁ ውስጥ አዋቂ አድማጮች ሰብስባችሁ እነሱ እየታዩ መቀረጽ ይጠበቅባችኋል፣ ሳይቆረጥ ባንድ ጉዞ። የማታ ሽፍት ለሚሰራ ሰው ይመቻል፣ ግን ቤተሰብ ፊት መናገርና ማያውቃችሁ ሰው ፊት መናገር አንድ አይደለም፣ ፊድባኩም በጽሁፍ ብቻ ነው፣ ከቻላችሁ ካምፓስ ሂዱ። ክሬዲት ማያስፈልጋችሁ፣ ለስራ ብቻ መለማመድ ምትፈልጉ ደሞ ቶስትማስተርስ ይሻላችኋል፣ ሰዎች ተሰብስበው ንግግር ሚለማመዱበት ከ1924 ጀምሮ ያለ ድርጅት ነው፣ ዋጋው ከኮሌጅ በጣም ያነሰ ነው፣ አንዱ ሰአት ይይዛል፣ አንዱ "እእእ" ያላችሁትን ይቆጥራል፣ አንዱ ቆሞ በቃል ይገመግማችኋል፣ ግሬድ የለም።

የኔ ነጥብ ከአምስት ሶስት ተኩል ነው፣ አንድ ተኩሉ ለአራሚዎቹ አለመስማማትና ለፋይናሉ ሄዷል። ከመመዝገባችሁ በፊት ለፕሮፌሰሩ ኢሜል ላኩና ሩብሪኩን አስቀድመው ይሰጡ እንደሆነ፣ ንግግሩ እንደሚቀረጽ፣ ከውጤቱ ስንት ከመቶው ንግግር እንደሆነ ጠይቁ፣ ንግግሩ ከግማሽ በታች ከሆነ ሌላ ሴክሽን ፈልጉ። የጠዋቶቹ ቶሎ ይሞላሉ፣ ምዝገባው በተከፈተ ሳምንት ያዙ፣ የካውንቲ ነዋሪነት ማስረጃችሁንም አስገቡ፣ ያለሱ ከካውንቲው ውጭ ያለ ሰው በሚከፍለው ዋጋ ያስከፍሏችኋል።