ኖኮ ጂቢ70 ለአርቪ፦ ባትሪ ሲሞት ያስነሳል፣ ቀዩ ቁልፍ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል

ኖኮ ጂቢ70 የሞተ የመኪና ባትሪን በመቆንጠጫ ኃይል ሰጥቶ ሞተር የሚያስነሳ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ነው። ለአርቪ፣ ማለትም ውስጡ መኖሪያ ላለው የጉዞ መኪና፣ እንዲህ ያለ ማስነሻ ስትገዙ መጀመሪያ የሞተራችሁን ሊትር እዩ። በፎርድ ኢ-450 ሻንሲ ላይ የተሠሩት አርቪዎች እስከ 2019 ሞዴል ድረስ 6.8 ሊትር ቪ10፣ ከዚያ ወዲህ ያሉት 7.3 ሊትር ቪ8 የቤንዚን ሞተር ነው ያላቸው። ብዙ ሰው ለተራ የቤተሰብ መኪናው የሚገዛው የኖኮ ትንሹ ማስነሻ ጂቢ40 ደግሞ አምራቹ ራሱ የወሰነለት እስከ 6 ሊትር ቤንዚንና 3 ሊትር ናፍጣ ነው። ለ3 ሊትሩ የመርሴዲስ ስፕሪንተር ናፍጣ ልክ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ለኢ-450 ግን አይበቃም። ጂቢ70 እስከ 8 ሊትር ቤንዚንና 6 ሊትር ናፍጣ ያስነሳል፣ ከፍተኛ ጉልበቱም 2000 አምፔር ነው። ለአርቪ መግዛት ያለባችሁ እሱን ነው። ከ6 ሊትር በላይ የሆነ ትልቅ የናፍጣ አውቶብስ ላለው ግን ይህም ያንስበታል።

ዕቃውን ከሳጥኑ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። አርቪ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለው፤ አንዱ ሞተር የሚያስነሳ፣ ሌላው መብራቱንና የውሃ ፓምፑን የሚያሠራ የቤቱ ባትሪ። ብዙዎቹ ላይ ከመሪው አካባቢ ሁለቱን ለጊዜው የሚያገናኝ የድንገተኛ ማስነሻ ቁልፍ አለ። እሱን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሞተሩን አስነሱ። የቤቱ ባትሪ ደህና ከሆነ ሌላ ምንም ሳያስፈልግ ሊነሳ ይችላል። ካምፕ ላይ ኤሌክትሪክ ተሰክቶ የከረመ መኪና ባትሪው ሞቶ ሲገኝ የሚገርማቸው አሉ። በብዙ አርቪዎች የሚሰካው ኤሌክትሪክ የሚሞላው የቤቱን ባትሪ ብቻ ነው፣ የሞተሩ ባትሪ በሰዓቱና በሬዲዮው ቀስ እያለ ያልቃል።

ይህ ካልሠራ ባትሪውን በመልቲሜትር ለኩ። ዕረፍት ላይ ያለ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፣ 12.2 ሲሆን ግማሹ አልቋል። ከ10.5 በታች ከወረደ አንድ ሴል ሞቶ ሊሆን ስለሚችል ቢነሳም ነገ ያው ነው። ቮልቱ ጥሩ ሆኖ ቁልፍ ሲዞር ቀጭ ብቻ የሚል ከሆነ ተርሚናሉን ተመልከቱ። ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ተጋግሮበት፣ ወይም መያዣው በእጅ ሲነቀነቅ የሚዞር ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው፤ ሞተሪኖውን ከመጠርጠር በፊት በሽቦ ብሩሽ አጽድታችሁ አጥብቁት። የባትሪው ሣጥን ካበጠ፣ ከተሰነጠቀ ወይም ውስጡ በረዶ ከሠራ ጨርሶ አትንኩት። ያለቀ ባትሪ አሲዱ ውሃ ስለሚበዛበት ከዜሮ በታች ጥቂት ዲግሪ ላይ በረዶ ይሆናል፣ በረዶ የሆነ ባትሪ ላይ ኃይል ሲገባ ደግሞ ሊፈነዳ ይችላል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መነጽር አድርጉ፣ መብራትና ማቀዝቀዣ አጥፉ፣ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርጋችሁ የእጅ ፍሬኑን ያዙ። ዕቃው እንደጠፋ ቀዩን መቆንጠጫ ፖዘቲቩ ላይ፣ ጥቁሩን ከባትሪው ራቅ ያለ ቀለም የሌለው የሻንሲ ብረት ላይ ያዙ። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጅን በብልጭታ ስለሚቀጣጠል ነው ጥቁሩ ራቅ የሚለው። ስፕሪንተር ላይ ባትሪው ከሾፌሩ እግር ሥር ወለሉ ውስጥ ነው፣ ግን መፈለግ አያስፈልግም፤ ኮፈኑን ስትከፍቱ በቀይ ክዳን የተሸፈነ የፖዘቲቭ ነጥብ ታገኛላችሁ። ከዚያ ዕቃውን አብሩት። ነጭ መብራት ከበራ ሞተሩን አስነሱ፣ በአንድ ጊዜ ቁልፉን ከአምስት ሰከንድ በላይ አዙራችሁ አትያዙ። ካልተነሳ 20 እስከ 30 ሰከንድ ጠብቁ። በ15 ደቂቃ ውስጥ ከአምስት ጊዜ በላይ መሞከር ዕቃውን ሊጎዳ ይችላል።

ቀይ የስህተት መብራት ከበራ መቆንጠጫው ተገልብጧል፣ ይህ ጥበቃ ጥሩ ነው። ችግሩ ባትሪው ከ2 ቮልት በታች ሲወርድ ነው። ያኔ ዕቃው ባትሪ መኖሩን ስለማያውቅ ዝም ይላል። አንዳንዱ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል። መፍትሔው ቃለ አጋኖ የተጻፈበትን ቀይ ቁልፍ ለሦስት ሰከንድ መጫን ነው፣ ነገር ግን በዚህን ጊዜ የብልጭታውም የመገልበጡም መከላከያ ይጠፋል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን ሁለቴ አረጋግጡ፣ መቆንጠጫዎቹ እርስ በርስ እንዳይነካኩ አድርጉ። ትልቁ ቅሬታችን ይሄው ነው፦ አደጋው የሚጨምርበት ቦታ ላይ ነው መከላከያው የሚወጣው፣ ማስጠንቀቂያውም ጥቂት ፊደል ነው።

ሌላው ጉድለቱ ገመዱ አጭር መሆኑ ነው። የአርቪ ባትሪ መግቢያ ደረጃው ሥር ወይም ሻንሲ ጎን ሲሆን ዕቃውን መሬት ላይ ማስቀመጥ ይከብዳል፣ ሁለተኛ ሰው ይያዝላችሁ። ለ12 ቮልት ሊድ አሲድ ብቻ ነው የተሠራው፤ የቤቱ ባትሪ ሊቲየም ከሆነ እዚያ ላይ አታያይዙት፣ 24 ቮልት ላይማ ጨርሶ አይሆንም።

ከተነሳ በኋላ ዕቃውን አጥፉና ጥቁሩን መጀመሪያ፣ ቀዩን ቀጥሎ አንሱ። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ 13.7 እስከ 14.7 ቮልት ካልታየ ዲናሞው ወይም ቀበቶው ችግር አለበት፣ መንገድ አትጀምሩ። ባዶ የነበረን ባትሪ ዲናሞ በግማሽ ሰዓት አይሞላውም፤ ማታ ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ አሳድሩት። ጂቢ70ን ራሱንም በየጥቂት ወሩ ሙሉት፣ በበጋ ፀሐይ ላይ በቆመ ዝግ መኪና ውስጥ አትተዉት።