ዞቴሮ ሲመዘን፦ ፊዚክስ ላይ ፈጣን፣ አዋጅ ላይ ዳተኛ

የምርምር ጽሑፎችን አደራጅተው የዋቢ ዝርዝርን በተፈለገው ስልት ከሚያወጡ ፕሮግራሞች መካከል ዞቴሮ በነፃ የሚገኝ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ነው። በ2006 በአሜሪካው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ከ2022 ወዲህ ፒዲኤፍ የሚነበብበትና የሚሰመርበት የራሱ ገጽ አለው። ስብስቡ የሚቀመጠው በራስ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ ኢንተርኔት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። ይህ ብቻውን በግቢ ኔትወርክ ለሚማረር ተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ፊዚክስ፣ ምህንድስናና ሕግ በአንድ ጥናት ሲገናኙ ለአራቱም እኩል አይታዘዝም።

ፊዚክስና ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ እንከኑ ጥቂት ነው። ከላይ ያለችውን ዘንግ የምትመስል ምልክት ተጭኖ አርካይቭ የተባለው የቅድመ ኅትመት ጽሑፎች ድረ ገጽ ለጽሑፉ የሰጠውን ቁጥር ማስገባት ነው። ለምሳሌ 1602.03837 ቢባል የመጀመሪያውን የስበት ሞገድ ግኝት ያበሰረው ጽሑፍ ከደራሲዎቹ፣ ከአጠቃሎውና ከፒዲኤፉ ጋር ይመጣል። ዲኦአይ (የጽሑፍ መለያ) እና አይኤስቢኤንም (የመጽሐፍ መለያ ቁጥር) በዚያው መንገድ ይገባሉ። ጣጣው ያው ጽሑፍ በኋላ በመጽሔት ታትሞ ሲገባ ነው፤ አንዱ ቅድመ ኅትመት፣ ሌላው የመጽሔት ጽሑፍ ተብሎ ይመዘገባል። ዓይነታቸው እስከተለያየ ድረስ ማዋሐድ አይፈቅድም፤ መጀመሪያ የአንዱን ዓይነት መቀየር ያስፈልጋል። ከጉግል ስኮላር በቀጥታ መሰብሰብም አያዋጣም፤ መረጃው ብዙ ጊዜ ጎደሎ ነው፣ በብዛት ሲወሰድ ደግሞ ድረ ገጹ በሩን ይዘጋል። ከአሳታሚው ገጽ መውሰድ ይሻላል። ላቴክ በተባለው የሰነድ ማዘጋጃ የሚጽፍ ሰው ቤተር ቢብቴክ የተባለውን ተቀጥላ ይጫን፤ የዋቢ መለያዎች እንዳይቀያየሩ ይጠብቃል፣ ላቴክ ዋቢዎቹን የሚያነብበትን የቢብቴክ ፋይልም ለውጥ በተደረገ ቁጥር ያድሳል።

የእኛ ሰው ዋናው ራስ ምታት ስም ነው። ዞቴሮ ስምን በሁለት ሳጥን ከፍሎ የአባትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። አበበ ከበደ የሚባል ሰው የጻፈው ጥናት ኤፒኤ በተባለው የአጠቃቀስ ስልት «ከበደ፣ አ.» ተብሎ ይወጣል፤ ጥናቱን የሠሩት አባትየው ይመስላሉ። መፍትሔው በስሙ ረድፍ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ሁለቱን ሳጥን አንድ ማድረግና ስሙን በሙሉ መጻፍ ነው። ያኔ በዝርዝሩም በጽሑፉ ውስጥም «አበበ ከበደ» ይላል። ዋጋም ያስከፍላል፦ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት የአይትሪፕልኢ ስልት የሌሎቹን ስም በመነሻ ፊደል ሲያሳጥር የዚህን ሳያሳጥር ይተወዋል። ከድረ ገጽ የተወሰደ ስም በአብዛኛው ተከፍሎ ስለሚገባ፣ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት አንድ በአንድ ማየት ግድ ነው።

ወደ ሕግ ሲመጣ ነገሩ ይከብዳል። ለሕግ የተዘጋጀው ቅጽ በአሜሪካ ልክ የተሰፋ ነው፤ ለነጋሪት ጋዜጣ ዓመትና ቁጥር የሚሆን ቦታ የለውም። የንግድ ሕጉ አዋጅ በአማርኛ ቁጥር 1243/2013፣ በእንግሊዝኛ 1243/2021 ነው። አንዱ አዋጅ በሁለቱም ቋንቋ ቢገባ ፕሮግራሙ ሁለት ሕግ አድርጎ ይይዘዋል፤ ርእሱም ስለሚለያይ ተደጋጋሚ መፈለጊያው አያገኘውም። የቀን ሳጥኑ ውስጥ 2013 ዓ.ም. ቢጻፍ ደግሞ እንደ ፈረንጅ ዓመት ቆጥሮ ቅደም ተከተሉን ያዛባል። ስለዚህ በቀን ሳጥኑ የፈረንጁን ዓመት ማስገባት፣ የአዋጁን ቁጥር ከነዓመቱ ከርእሱ ጋር መጻፍ ነው። ብሉቡክ የተባለው የሕግ አጠቃቀስ ስልት አለ፤ ግን ደንቦቹን ሁሉ ስለማይሸከም የግርጌ ማስታወሻዎቹን በእጅ ማረም አይቀርም። ሥራው በሙሉ ሕግ ለሆነ ሰው ዞቴሮ ጥሩ መጋዘን እንጂ ጥሩ ጸሐፊ አይደለም።

የአማርኛና የእንግሊዝኛ ምንጮች በአንድ ሰነድ ሲቀላቀሉም ማያያዣ ቃላቱን በአንድ ቋንቋ ብቻ ያወጣል፤ በእንግሊዝኛ ስልት ለአማርኛው ምንጭ «እና ሌሎች» አይልም። ረቂቁ ሲያልቅ ፋይሉን ገልብጦ፣ በቅጂው ላይ ብቻ ዞቴሮ በሰነዱ ያስገባቸውን ጥቅሶች ከፕሮግራሙ ማላቀቅና በእጅ ማስተካከል ነው። አንዴ ከተላቀቁ መልሶ ማገናኘት ስለማይቻል ዋናው ፋይል ሳይነካ ይቀመጥ።

በኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚሰጠው የፋይል ማከማቻ 300 ሜጋባይት ነው፤ ስካን የተደረጉ የመመረቂያ ጽሑፎች ቶሎ ይሞሉታል። 2 ጊጋባይት በዓመት 20 ዶላር ያስከፍላል፤ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለው ይህ በር ዝግ ነው። ነገር ግን የዋቢ መረጃው ራሱ ከዚያ ኮታ አይቆጠርም፤ የፋይል ማመሳሰሉን አጥፍቶ መረጃውን ብቻ ማመሳሰል ይቻላል። ወጪ ለመቆጠብ ብሎ የዞቴሮን ማኅደር ድሮፕቦክስ ወይም ጉግል ድራይቭ ውስጥ ማስቀመጥ ግን የመረጃ ቋቱን ሊያበላሽ ይችላል። ፕሮግራሙን ዘግቶ ማኅደሩን በሙሉ በየጊዜው ወደ ውጭ ዲስክ መገልበጥ ይበቃል።